ለብርቄ ያላደረስኩት ክር

ጅግጅጋ ውስጥ ለጸሎት ከምንሰበሰብበት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ በአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ አልፋለሁ። ባለፈው ሐሙስ በከሰል ካውያ እርጥብ የካኪ ሱሪ ይተኩስ ነበር። እርጥብ ካኪ የጋለ ብረት ሲነካው የሚያወጣው እንፋሎት የራሱ ሽታ አለው፤ ግማሹ ዝናብ፣ ግማሹ ሊቃጠል የደረሰ ጨርቅ። ሳላስበው ቆምኩ። ሰውዬው የሚተኮስ ልብስ የያዝኩ መስሎት እጁን ዘረጋልኝ። ምንም አልያዝኩም ብዬው አለፍኩ።

ከስብሰባ መመለሴ ነበር። አዲስ የመጡ ምእመናንን የምንከታተል አምስት ሰዎች ነን፤ በዕድሜ ከሁሉም የምበልጠው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት የአንዲት ሴት ስም ተነሣ። ሁለት ወር ገደማ ሆኗታል፣ አልታየችም። «ማን አነጋገራት?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አላነጋገራትም። «ብትፈልግ ኖሮ ራሷ ትጠይቅ ነበር» አለ አንዱ ወንድም፣ ክፋት ሳያስብ። መመለስ ነበረብኝ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስቆም ስለዋልኩ ደክሞኝ ነበርና ዝም አልኩት። መልሱ ረጅም ነው። አዋሳ ድረስ ይወስደኛል፣ ሦስተኛ ክፍልን ወደጨረስኩበት ክረምት።

ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ዓመት አልፎት ነበር። አግዳሚዎቹን አውጥተው የቀበሌው ስኳርና ስንዴ ማከማቻ ስላደረጉት፣ በየወሩ ስኳር ለመውሰድ የምሰለፈው ድሮ ለሰንበት ትምህርት በምንገባበት በር ላይ ነበር። ሚዛኑ የተተከለው ሰባኪው ይቆምበት በነበረው ቦታ ነው። በልጅ ጭንቅላቴ ያ ስኳር ትንሽ የተቀደሰ ይመስለኝ ስለነበር ሌሎቹ ልጆች በመንገድ ላይ ጣታቸውን እየከተቱ ሲልሱ እኔ አልነካውም ነበር። እናቴ ጨዋ ልጅ አለኝ እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

አባቴ አምስት ወር ታስሮ ከተፈታ ገና ስድስት ወሩ ነው። ድሮ ጢሙን ሲላጭ ይዘምር ነበር። ከተፈታ በኋላ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ዝም ብሎ ይላጫል። ሲያስሩት ቀበቶውንና የእጅ ሰዓቱን እንደወሰዱበት ሰምቼ ስለነበር ድምፁንም አብረው የወሰዱበት ይመስለኝ ነበር። ሰዓቱ ሲመለስለት ድምፁም አንድ ቀን ይመለሳል ብዬ እጠብቅ ጀመር። ማን እንደጠቆመበት ቤታችን ውስጥ አይወራም። እናቴ ግን አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች «ከእኛው መሃል ነው፤ ሌላ ማን ያውቃል?» ስትል ሰምቻታለሁ። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች።

የዚያን ክረምት ሥራዬ የጋሽ ዳንጊሶ ተላላኪ መሆን ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሲዳማ ገጠር በልጅነታቸው ወጥተው እዚያው ከተማ ያረጁ። ሲጸልዩ በሲዳምኛ ይጀምሩና አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሰው መኖሩ ትዝ ሲላቸው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። የስፌት ማሽናቸው በረንዳቸው ላይ ነበር። በረንዳው ፊት ለፊት አሸዋማው መንገድ ነው፤ ጋሪና ብስክሌት ቀኑን ሙሉ ያልፍበታል። አንድ ትልቅ ሾላ መንገዱ ዳር ቆሟል፣ ላዩ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ይቀመጣሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ይህ ቀን እስኪያልፍ ድምፃችንን እናጥፋ ብለው ነበር አሉ። ጋሽ ዳንጊሶ እምቢ አሉ። ይህን ነገር ራሳቸው ማሽኑን እየረገጡ ደጋግመው ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ «አዳራሹን ወሰዱት፣ ይውሰዱት። ጣሪያውም ያፈስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያለችው ግን አማኙን ልታንጽ ነው። ጀማሪው እስኪቆም ትደግፈዋለች፣ የቆመው ሌላውን ይደግፋል፣ ሥራው ይሄው ነው። ሰውን ደግሞ ለከርሞ እንደርስልሃለን አይሉትም።»

ስለዚህ በየቤቱ እንሰበሰብ ነበር፣ ከአሥራ ሁለት ሰው ሳንበልጥ። ጥሪው የሚደርሰው በክር ነው። ቀለሙ በማን ቤት እንደምንሰበሰብ ይናገራል፤ የእኛ ሰማያዊ፣ የነርሷ ቤት ነጭ፣ የጋሪ ነጂው ቤት ቡናማ። ክሩ ላይ ያለው ቋጠሮ ቀኑን ይናገራል፤ አንድ ቋጠሮ ሰኞ፣ ስድስት ቋጠሮ ቅዳሜ። ጋሽ ዳንጊሶ የተጠገነ ልብስ አጣጥፈው ይሰጡኛል፣ ክሩ ኪሱ ውስጥ ይሆናል። የሚጠገን ልብስ ለሌለው በእጁ አስጨብጠዋለሁ። የልብስ ሰፊ ተላላኪ እጅ ላይ ክር ቢገኝ ማን ምን ይላል?

አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረን። ክር ያልደረሰው ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ለምን ቀረብኝ ብሎ አይጠይቅም፣ ወደማንም ቤት አይሄድም፤ የቀረውንም ሰው ማንም ሄዶ አይጠይቀውም። አንዳንዴ አንድ ሰው ክትትል ሲበዛበት ለራሱ ደህንነት ሲባል ለጥቂት ጊዜ አይጠራም ነበርና።

ብርቄ የመጣችው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ የባሏን ሱሪ ይዛ ነው። ባሏ ጓድ መኩሪያ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን የታሸገ ዕለት ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው። ብርቄ እሱ ከሰሜን ተቀይሮ ሲመጣ ተከትላው የመጣች፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ቀጭን ሴት ነበረች። አንድ ልጅ ወልዳ ቀብራለች። እትዬ ብርቄ ብዬ ስጠራት «ኧረ አታስረጅኝ፣ ብርቄ በይኝ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብርቄ ነው የምላት፣ እናቴ እየተቆጣችኝም ቢሆን።

ሱሪው ሲያልቅ ሸሚዝ ይዛ መጣች፣ ሸሚዙ ሲያልቅ ምንም ሳትይዝ። ለባሏ ስፌት ልማር ነው አለችው፤ ውሸት አልነበረም፣ ጋሽ ዳንጊሶ ቁልፍ መትከል አስተምረዋታል። ቁልፉን እየተከለች ስለ ልጇ አወራቻቸው። እሳቸውም የሚያምኑትን ነገሯት። በሁለተኛው ወር ለእሷም ክር መሄድ ጀመረ።

ይህ ለብዙዎቹ አልተዋጠላቸውም። ጥያቄዋ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ፊደል አታውቅም፣ ሁሉን ነገር ገና ትናንት እንደሆነ አድርጋ ነው የምትሰማው። አንድ ቀን ቤታችን ተሰብስበን ጋሽ ዳንጊሶ ጴጥሮስ መረቡን ትቶ ስለመሄዱ ሲያስተምሩ እጇን አነሣች።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ሚስት ነበረው?»

«ነበረው።»

«እሱ ዓሣውን ትቶ ሲሄድ ታዲያ እሷ ምን በላች?»

ጋሪ ነጂው ሳቁን አፈነ። እናቴ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች። ጋሽ ዳንጊሶ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«አላውቅም ብርቄ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሳስተምረው አስቤው አላውቅም። እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ላስብበት።»

ሁሉም ከሄደ በኋላ እናቴ «ጋሼ፣ ወደፊት መሄድ አቃተን እኮ። በእሷ ምክንያት ሁልጊዜ ከሀ ነው የምንጀምረው» አለቻቸው።

«ከሀ ላይ ያለ ሰው ካለ ከሀ ነው የሚጀመረው፣ የአስቴር እናት።»

«ባሏስ?»

«ባሏን እኔም አየዋለሁ» አሉ።

እኔም ብርቄን የማልወድበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። በጋሽ ዳንጊሶ ማሽን አጠገብ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር፣ ክር የሚቀመጥበት። ከሰዓት በኋላ እዚያ ላይ እቀመጥ ነበር። እሳቸው ማሽኑን እየረገጡ አንድ ጥቅስ ይነግሩኛል፣ እኔ በማሽኑ ምት እደግመዋለሁ። ካውያው ሲግል ካኪው ላይ ውሃ የምረጨው እኔ ነበርኩ። ብርቄ ከመጣች ወዲህ ሳጥኑ ላይ የምትቀመጠው እሷ ሆነች። እኔ ከመጣሁ ተነሥታ «ነይ አስቱ፣ ተቀመጪ» ትለኛለች። ያ ደግሞ የበለጠ ያናድደኝ ነበር፤ የራሴን ቦታ እንግዳ ሰው ሲጋብዘኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ብርቄ ከእኔ በሁለት ሰው ትቀድማለች፣ አላየችኝም። ባልዲዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ስም ትቆጥር ነበር። የጋሽ ዳንጊሶን ስም፣ የነርሷን፣ የጋሪ ነጂውን፣ የአባቴን፣ የእናቴን። በተራ፣ ሳትሳሳት፣ እያንዳንዱ ስም ላይ ትንሽ እየቆየች። ስትጨርስ እንደገና ጀመረች። የመጨረሻው ስም የእኔ ነበር፤ «ትንሿ አስቴር።»

ባልዲዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መጻፍ ስለማትችል በቃሏ እየያዘችን ነው። ማታ ለባሏ ልትነግረው ነው። አባቴን እንደገና ሊወስዱት ነው፣ አሁን ደግሞ ምኑን እንደሚያስቀሩበት እንጃ። ለእናቴ «ስለ ብርቄ የሆነ ነገር…» ብዬ ስጀምር አፌን በእጇ ያዘችኝ፤ ጎረቤት በር ላይ ነበር። «ጠንቀቅ በይ። አፍሽን ያዢ። የምታደርጊውን እያወቅሽ አድርጊ» አለችኝ በሹክሹክታ። እሷ በቀኑ ሃያ ጊዜ የምትለው ነገር ነው። እኔ ግን ትእዛዝ የተሰጠኝ መሰለኝ።

በነጋታው ጋሽ ዳንጊሶ ለብርቄ የሚደርስ ነጭ ክር ሰጡኝ፣ አራት ቋጠሮ ያለው። በብርቄ ቤት ፊት አለፍኩ። በሩ ክፍት ነበር፣ ስትጠርግ ይሰማኛል። ቀጥዬ ሄድኩና ሾላው ሥር አሸዋውን ጭሬ ክሩን ቀበርኩት።

«ለብርቄ ሰጠሻት?»

«ሰጠኋት።»

«ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

ሐሙስ አልመጣችም። ደንቡ እንደሆነው ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ያን ዕለት ትምህርቱ ሳይቋረጥ አለቀ፤ ጋሪ ነጂው እንኳ ዛሬ ራቅ ብለን ሄድን አለ። በሁለተኛው ሳምንትም ክሯን ቀበርኩት። «በርዳለች» ተባለ። «መቼ ሞቃ ታውቅና?» አለች እናቴ። አባቴ ምንም አላለም፣ ግን ትከሻው ትንሽ የወረደለት መሰለኝ። ያ ለእኔ ሽልማት ነበር። ሰዉ ሁሉ ቀለል ብሎት ሲቀመጥ አይቼ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ። ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ በር በሩን ያያሉ። ብርቄ ደንቡን ጠብቃ ወደ በረንዳው መምጣቷን ስለተወች ሳጥኑ ባዶ ሆነ፤ እኔ ተቀመጥኩበት።

በዚያ ክረምት አራት ሰዎች ሊጠመቁ ነበር፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወጣት። አንዷ ብርቄ ናት። ቀን በጠራራ ፀሐይ ሐይቅ ውስጥ ሰው ማጥመቅ በዚያ ዘመን የማይታሰብ ነገር ነው፤ ስለዚህ ልብስ አጠባ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ የየቤታቸውን አንሶላና ብርድ ልብስ በጋሪ ጭነው በቡሹሎ በኩል፣ ሰው ወደማይበዛበት ዳር ይወርዳሉ። ጋሽ ዳንጊሶ አንሶላ የሚያለቀልቁ መስለው ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ለሚጠመቁት ሴቶች ሲወጡ የሚለብሱት የአቡጀዲ ቀሚስ ሰፍተዋል፣ ለእያንዳንዳቸው በልካቸው። የብርቄን ሲሰፉ ክሩን መርፌ ውስጥ ያስገባሁላቸው እኔ ነበርኩ።

ስድስት ቋጠሮ ያለውን ክሯን ሲሰጡኝ በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። «ይቺን በእጇ አስጨብጫት። አልመጣም ብትል እንኳ ምን እንዳለች በደንብ ሰምተሽ ንገሪኝ።» ሦስተኛውም ክር ሾላው ሥር ገባ። ምን አለች ሲሉኝ «እመጣለሁ አለች» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ደስ እንዲላቸው ይመስለኛል።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አውጥተው ሄደዋል፣ አባ ኮዳዎቹ በዓሣ ራስ ይጣላሉ። ሴቶቹ ሳሙናቸውን አውጥተው ማጠብ ጀመሩ። ጋሽ ዳንጊሶ ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ እስከ ወገባቸው ገቡና አንሶላ ይዘው ቆሙ። እኔ የሚታለቀለቀውን እያቀበልኩ እስከ ጉልበቴ ገብቻለሁ።

«ጋሼ፣ እንጀምር» አለች ነርሷ።

«ብርቄ አልደረሰችም። እመጣለሁ ብላለች።»

ቆየን። እናቴ አንዱን አንሶላ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከቡሹሎ የሚመጡ ሁለት ሴቶች ቅጠል ተሸክመው አለፉ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን። ጋሽ ዳንጊሶ ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ናቸው፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ሰው ይበዛል» አለች እናቴ። «እባክዎ።»

ሦስቱ ተጠመቁ። ፈጥኖ አለቀ፤ ዘፍ ብለው ሲወጡ ሴቶቹ በብርድ ልብስ ከበቧቸው። ሁሉም ዓይናቸው እንባ ነበረው፣ መዝሙር ግን አልነበረም። ስንመለስ ሦስተኛውን ቀሚስ ጭኔ ላይ አድርጌ ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ። ከሌላው ልብስ ሁሉ ያልረጠበው እሱ ብቻ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ስኳር ልንወስድ ተሰለፍን። ብርቄ የአብዮት ጥበቃ ሚስት ስለሆነች ሳትሰለፍ መውሰድ ትችል ነበር፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ትሰለፋለች። ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ከስታለች።

«አስቱ፣ ቅዳሜ በቡሹሎ በኩል ልብስ አጠባችሁ አሉ።»

«አዎ።»

«ብዙ ሰው ነበር?»

«ትንሽ ነው።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኩያዋ እንደምታወራ፣ «ለጋሽ ዳንጊሶ እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «አንዱ ቅዳሜ ይሆናል፣ የቱ እንደሆነ ክሩ ይነግርሻል ብለውኝ ስለነበር ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ነጠላዬን አጥቤ እጠብቅ ነበር። አሁን ገባኝ። ጥያቄ አበዛሁ። ያልበቃ ሰው ቢያቆዩት ምን ይደረጋል፤ ስንት ነገር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።»

ለመከላከል ይሁን ለመክሰስ አላውቅም፣ «ቦኖ ላይ ስማችንን ስትቆጥሪ ሰምቼሻለሁ» አልኳት።

አፈረች። «ሰማሽኝ? ማንበብ አልችል፣ ጋሼ ስማችሁን በተራ አስያዙኝ። ሌላው መጽሐፍ ሲያነብ አንቺ እነዚህን እያሰብሽ ለምኚላቸው አሉኝ። ውሃ ስቀዳ ለእያንዳንዳችሁ እለምናለሁ። ለአባትሽ ረዘም አደርጋለሁ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «አሁን አሁን ግን መሃል ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።»

ስኳሩን ተቀብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እራት አልበላም ስል እናቴ ሆድ ቁርጠት ነው ብላ ፌጦ አጠጣችኝ። በነጋታው በረንዳው ላይ ስደርስ ጋሽ ዳንጊሶ የሰው ኮት ፈትተው ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። ማሽኑ ቆመ።

«ስንት ክር?»

«ሦስት።»

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ። ለባሏ የምትነግር መስሎኝ።» እሳቸው ግን ዓይናቸውን አላነሡልኝም፤ ያልጨረስኩ መሆኔን ያወቁ ይመስላሉ። «ሳጥኑ ላይም ስለምትቀመጥ ነው» አልኩ።

አልሳቁም፣ አልተቆጡም። የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉት፣ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። «የሽማግሌን ሥራ ልጅ ላይ ጫንኩ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለማሽኑ እንደሚናገሩ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው «ተከተዪኝ» አሉኝ።

በቤታችን ፊት ስናልፍ እናቴ ወጣች።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው ልጄን ይዘው?»

«ብርቄ ቤት። ስትጠብቅ የነበረችው እኛን ነው።» ባጭሩ ነገሯት።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። «ባሏ ቤት ነው፤ አሁን ሲገባ አይቼዋለሁ። የአስቴርን አባት ደግመው ቢወስዱትስ?»

«ስለ ራሴ እንጂ ስለማንም አልናገርም።»

«እሺ ይቅርና ሌላ ቀን…»

«የአስቴር እናት» አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ። «ፍርሃታችንን ብለን አንዷን ከጣልናት፣ የቀረነው ደግሞ ለምንድነው የምንሰበሰበው?»

እናቴ በሩ ላይ ቀረች። እጇን እንደ ልጅ አፏ ላይ አድርጋ።

ጓድ መኩሪያ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሳፋ ውሃ ይነክር ነበር። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጓድ መኩሪያ፣ ሚስትህን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ምን አድርገዋት?»

«ጠርቻት ሳለ፣ ያልጠራኋት መስሏት ከረመች።»

ሰውዬው ቀና አለ። እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። «ወደ ምን ነው የጠሯት?»

«ወደ ጸሎት» አሉ።

ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ጓድ መኩሪያ አንዱን እግሩን አውጥቶ አደረቀ፣ ቀጥሎ ሌላውን። «አልሰማሁም» አለ ጫማውን እያነሣ። «ጋሽ ዳንጊሶ፣ እኔ አልሰማሁም። እርስዎ ስለ ሱሪዬ ነው የመጡት።» ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ።

ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ጋሽ ዳንጊሶ የሆነውን ነገሯት፤ ጥፋቱን ግማሹን በራሳቸው ላይ አደረጉ። እኔ እግሬን አያለሁ። መጥታ አገጬን በጣቷ አነሣችና «አልተቆጣሁሽም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው ነይ ልጄ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «ቀሚስሽም ተቀምጧል።»

«እግዜር ያክብርልኝ ጋሼ። ግን ደክሞኛል።» በሩን ተደገፈች። «ያን ሁሉ ሳምንት ደጅ ደጁን ሳይ ሰነበትኩ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። አንድ ጠዋት ማየቱን ተውኩት፤ ሲተዉት ደግሞ ሰውነት ያርፋል። አሁን እንደገና ልነሣ ብል አቅሙ የለኝም።»

ይከራከሯታል ብዬ ነበር። ሰው የማያውቀውን ሁሉ የሚያውቁ፣ ለሁሉ ቃል ያላቸው ሰው ናቸው። «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ። ስንወጣ የአጥሩን እንጨት ይዘው ትንሽ ቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ትቀጂላታለሽ» አሉኝ። «ስለ ስብሰባም ስለ ጸሎትም አታንሺባት። ውሃ ብቻ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

ሁለት ባልዲ ነበር በየቅዳሜው። መጀመሪያ ላይ በሩ ላይ አስቀምጬ እሮጥ ነበር። ኋላ ግቢ አለችኝ። ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ጣቷ ይከብድ ነበር፣ ሲያመኝ ዝም እላለሁ። ስለ አገሯ ታወራኛለች፣ ስለ ልጇ ታወራኛለች፤ ስለ ሌላው ግን እኔም አላነሣም፣ እሷም አታነሣም። አንዳንዴ ቦኖ ላይ ሆኜ የእሷን ስም ብቻ እደጋግም ነበር። ሌላ ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ጓድ መኩሪያ ተቀየረ። የጭነት መኪና ቤታቸው ደጃፍ ቆመ። አልጋው፣ ሳፋው፣ ሁለቱ ባልዲዎች ተጫኑ። ጋሽ ዳንጊሶ መጥተው ቀሚሱን በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት፤ ያለ ምንም ቃል ተቀበለች፣ እጃቸውን ሳመች። እሳቸውም ግንባሯን ሳሟት። እኔ መኪናው ጎማ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከደብተሬ ጀርባ ላይ ልሰጣት የጻፍኩት ነገር ነበር፤ ማንበብ እንደማትችል ትዝ ያለኝ እዚያው ቆሜ ነው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ብርቄ ከፍራሾቹ ላይ ጎንበስ ብላ ጠራችኝ።

«አስቱ፣ ያን ቀን ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?»

የቱን ቀን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ቀዝቃዛ ነበር» አልኳት። «እኔ እስከ ጉልበቴ ነው የገባሁት። ጋሽ ዳንጊሶ ግን አንቺን ሲጠብቁ ብዙ ቆሙ፣ ከንፈራቸው እስኪጠቁር።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ቀዝቃዛ ይሆናል ብዬ ነበር ያሰብኩት» አለች።

መኪናው አሸዋውን እየበተነ ወደ ሻሸመኔ መንገድ ታጠፈ። ሲታጠፍ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ነበር፤ ወይም ፀሐይ ከፊት መትቷት ይሆናል።